በመጽሐፍ የገባው ሐዘን

ይድረስ ጄኔቭ ለሚኖረው አበልጄ፤

እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክህን ሳላነሣ ኖሬ ዛሬ በወረቀት መምጣቴ ሳይገርምህ አይቀርም። በስልክ ቢሆን ወይ ትቆጣለህ ወይ ታባብለኛለህ። እስቲ አሁን ዝም ብለህ አንብብ።

ባለፈው ሳምንት የልጆቹ አሰልጣኝ ሩዲ መጽሐፍ ይዞልኝ ቤቴ ድረስ መጣ። የከተማችን የኡስተር ታዳጊዎች የበረዶ ሆኪ ቡድን አርባ ዓመት ስለሞላው ታሪኩን አሳትመውታል። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሐይቁ በረዶ ሲሆን የዳቦ ቤት ሣጥን ደርድረው ጎል አድርገው መጫወታቸው፣ ዘጠኝ ልጅ ብቻ ቀርቶ አሥራ ሰባት ለዜሮ የተሸነፉበት ክረምት፣ ሁሉም አለ። እኔም አለሁበት! ስድስት ዓመት ማሊያ ያጠበችልን ይላል። የሕንጻችንን ቫሽኩሽ፣ የጋራ ልብስ ማጠቢያውን ክፍል ይዤ፣ የራሴን የማጠቢያ ቀን ለነሱ ሰጥቼ፣ ከጎረቤት ጋር የተነታረክሁትን ግን አልጻፉትም።

ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ። በታሪካችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ ብንደርስም፣ በረኛችን ሶሊያና በአያቷ ሞት ምክንያት ስለሄደችብን ስድስት ለአንድ ተሸነፍን፤ እንዲህ ነው የሚለው። ውሸትህ ታትሞልሃል፤ እንኳን ደስ ያለህ!

ከሚስትህ ስትለያይ የሥራ ሰዓትህ አልመች ብሎህ፣ ክርስትና ያነሣኋትን ልጅህን ሶሊያናን በሰባት ዓመቷ ያመጣህልኝ አንተ ነህ። እናት ሁኛት አልከኝ፤ ሆንኳት። ከሷ የሚከብደውን የበረኛ ዕቃዋን ተሸክሜ በየባቡሩ ዞርኩ። ጎል በገባባት ቁጥር እዚያ ብርድ ላይ የምጮኸው እኔ ነበርኩ።

ከግማሽ ፍጻሜው አንድ ቀን ቀድመህ ደወልክ። አባትህ አባባ ቢረሳው ጠበል ሊጠመቁ እንደሄዱ እዚያው አረፉ አልከኝ። ልጅቷ ለቅሶ ላይ ከጎንህ እንድትሆን ለመንከኝ። አዲስ አበባ አባባን ይዛ የምትኖረው እህትህ ተናኘወርቅ ደም ግፊት ስላለባት መርዶ ገና አልተነገራትም፣ አደራ ማንም ወደዚያ ቤት እንዳይደውል አልክ። መርዶ ያልገባበት ቤት ማን ይደውላል? የኛ ሰው ምላሱን ቢቆርጡት አይደውልም! ይህንን አውቀህ ነው የሠራህብኝ። ለልጅቷ እኔው ልንገራት ብለህ ስልኩን እንድሰጣት አደረግህ። ረጅም አወራችሁ። ስትጨርስ አላለቀሰችም፤ ደንግጣ ነው ብዬ እኔ አለቀስኩላት።

ጥቁር ለበስኩ። ለቄሱ የክርስትና ስማቸውን ሰጥቼ ፍትሐት አስደረግሁ። በቁም ላለ ሰው፣ ይቅር ይበለኝ! ለሩዲም ነገርኩት። ሆዱ ርኅሩኅ ነው፤ በማግስቱ ከጨዋታው በፊት ልጆቹ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ቴፕ ጠቅልለው አንድ ደቂቃ በዝምታ ቆሙ። ቴፑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አሸነፉ፤ ከሜዳው ቀጥታ ወስጄ ባቡር ላይ አሳፈርኳት። ለፍጻሜው አልተመለሰችም። አባት በሐዘን ላይ እያለ ልጁን መልስ አይባል ነገር።

አርባው ካለፈ በኋላ፣ መቼም አሁን ተነግሯታል ብዬ ተናኘወርቅን ላጽናና ደወልኩ። ስልኩን ያነሡት አባባ ቢረሳው ናቸው! አንቺ ልጅ ምነው ጠፋሽ አሉኝ። እንደምንም ጤናቸውን ጠይቄ ዘጋሁት። በዚያው ሳምንት ሩዲ አንድ የጄኔቭ ቡድን የሶሊያናን የዝውውር ወረቀት መጠየቁን ነገረኝ። እነ ሩዲ እውነቱን ምን ያውቃሉ? የምታውቀው አንተ ነህ።

ልጄን ልውሰድ ብትለኝ ጓዟን ጠቅልዬ ራሴ አደርስልህ ነበር። አይ፣ እኔም አልዋሽ። እምቢ እልህ ነበር፤ ሽማግሌ ሁሉ እልክብህ ነበር። ግን ልጅህ ናት፤ ዞሮ ዞሮ ትወስዳት ነበር። ታዲያ ለዚህ አባት ይገደላል? እንደ ወንድም ያመንኩህ ሰው፣ እንባዬን እንኳ መጫወቻ አደረግኸው።

ሁለት ዓመት ያላስተኛኝ ግን ያንተ ነገር አይደለም። ልጅቷ ታውቅ ነበር ወይ? ያን ቀን በስልክ ምን አልካት? ዓይን ዓይኔን እያየች ዋሽታኝ ከሆነ ስድስት ዓመት ማንን ነው ያሳደግሁት? ይህን ልጠይቅህ ነበር ብዕር ያነሣሁት።

እዚህ ድረስ ጽፌ፣ መነጽሬን አድርጌ ገጽ ሠላሳ አንድን ደግሜ አየሁት። የዚያ የዝምታው ደቂቃ ፎቶ አለ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። አሥራ ስድስት ናቸው፤ አሥራ አምስቱ ክንድ ላይ ጥቁር ቴፕ አለ። በረኛዋ ክንድ ላይ የለም። ልጠቀልልላት ስል እጇን ወደ ኋላ መደበቋ ገና አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ሐዘኑ ከብዷት ነው ብዬ አልተጫንኳትም ነበር።

ታውቅ ነበር ማለት ነው፤ ግን ለውሸቱ ክንዷን አልሰጠችም። ስለዚህ ጥያቄዬን ትቼዋለሁ፤ መልስህን አልፈልገውም።

ላንተ ልቦና ይስጥህ። ልጃችንን ከክፉ ይጠብቅልን፤ ለአባባ ቢረሳው ዕድሜ ይጨምርላቸው። የእውነቱ ቀን ሲመጣ፣ እግዜር ያርቀውና፣ አንተ እንዳትደውልልኝ። ሶሊያና ትንገረኝ። ከእሷ ከሰማሁ አለቅሳለሁ።

የልጅህ የክርስትና እናት
ከኡስተር