የመጋዘኑ በር ሰዓት

ሐረር፣ አቦከር
ሐምሌ 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣ ደብረ ብርሃን

ትናንት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ጋሽ ኒቆዲሞስ የሪፖርቴን ሁለተኛ ገጽ ቀስ አድርጎ ነቀለና አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። የቀረውን አንድ ገጽ ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «በይ ልጄ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» አለኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጓደኛዎን፣ አለቃዬ ቢሆንም፣ አንቱ ማለት ከትናንት ጀምሮ እምቢ ብሎኛል።

እግርዎ እንዴት ነው? ወንድሜ አቤል መድኃኒቱን ሳይረሳ ይሰጥዎታል? እዚህ ዝናቡ በርትቷል። ማታ በስልክ ሁሉንም ነግሬዎት «ፈርሚና እለፊ» ሲሉኝ፣ መልስ ሳልሰጥ ዘጋሁ። መልሱ ይኸው።

ጋሽ ለገሠን ያውቋቸዋል፤ ሸዋ በር ያለውን መጋዘናችንን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቁት። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲገቡ በሩ ላይ ባለው የሰዓት ሳጥን ላይ ጣታቸውን ያሳርፋሉ። ሳጥኑ ሰዓት አያሳይም፤ መዝገቡን የሚያየው ቢሮው ብቻ ነው። ሚያዝያ ላይ አሮጌው ተነሥቶ አዲስ ተተከለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መግቢያቸውን «ስድስት ሰዓት» ብሎ ይመዘግባል። ከሁለት ወር በላይ በየማታው ስድስት ስድስት ሰዓት ዘገዩ ተባለ። አርብ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሊያሰናብታቸው ይቀመጣል፤ የሚጠብቀውም «ሳጥኑ ተፈትኖ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል» የሚል የእኔን ፊርማ ነው።

ነገሩን ላስረዳዎት። ፈረንጅ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል፣ እኛ ከንጋት። ጋሽ ኒቆዲሞስ ሳጥኑ በእኛ አቆጣጠር እንዲመዘግብ ፈለገ። መዝገቡ ሲጻፍ ስድስት መቀነስ ሲበቃው፣ ማሽኑ በበራ ቁጥር የራሱን ሰዓት ስድስት ወደ ኋላ እንዲመልስ አዘዘው። ትእዛዙ ለማሽኑ የሚደርሰው በአስተርጓሚ በኩል ነው፤ ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ስም የሲ ላይብረሪ እንለዋለን። ፍርድ ቤት እንደሚቆመው አስተርጓሚ ነው፤ ሰውየው ሲለወጥ የሚደርሰው ቃልም ሊለወጥ ይችላል። በአሮጌው ሳጥን ውስጥ ያለው ትልቁ ላይብረሪ ነበር፤ አዲሱ ሌላ፣ ትንሽ ላይብረሪ ይዞ መጣ። እኔ ሰዓት የሚጠይቁትንና የሚያስተካክሉትን ጥሪዎች ሁሉ በሦስት ላይብረሪዎች አንድ በአንድ ፈተንኩ። ሁለቱ ሰዓቱን ወደ ኋላ መለሱ። የአዲሱ ሳጥን ግን ዜሮ መለሰ፤ ዜሮ ማለት «ፈጽሜያለሁ» ማለት ነው። ሰዓቱን ግን አልነካውም፤ ስለዚህ የእኛን የማታ አሥራ ሁለት በፈረንጅ አቆጣጠር «ስድስት» ብሎ ይመዘግባል።

«ዜሮ ካለ ሠርቷል። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ይህንን አይደል?» አለኝ ጋሽ ኒቆዲሞስ።

«ዜሮ ብሏል፤ ግን አላደረገም፣ ጋሼ። ከትእዛዙ በፊትም በኋላም ሰዓቱን አይቻለሁ። ገጹ ላይ አለ። ገጹ የት እንዳለ ደግሞ እርስዎ ያውቃሉ።»

ሳቀ። «አባትሽ ዋስሽ ነው። ዋናው ዲግሪሽም እዚሁ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ደግሞ ቁጣ አያምርብሽም።»

ጸሐፊያችን አይሻ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። እሱ ሲወጣ ጠብቃ «ወላሂ ባርኮት፣ ያ ሳጥን በማን እንደወጣ አሁን ገባኝ» አለችኝ። በንዴቴ መሐል ሳቅሁ።

ሳቁ ግን አልቆየም። የትም ብዞር ግድግዳ ነው። ብለቅ ዲግሪዬ እሱ ጋ ነው። ብናገር ዋሴ ነዎትና በእርስዎ ይመጣሉ። ብፈርም ደግሞ... ዛሬ ጠዋት ባጃጅ ስጠብቅ ጋሽ ለገሠን አገኘኋቸው። «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። እውነት እዘገይ ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። አባዬ፣ ሰውየው ራሳቸውን መጠርጠር ጀምረዋል።

እርስዎ ዳይሬክተር ሳሉ እትዬ የሺ ከማስተማር ሥራቸው የተሰናበቱ ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ በደጃቸው ላለማለፍ እጄን ይዘው ዙሪያ ጥምጥም ይወስዱኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄዎት አላውቅም። ዛሬም አልጠይቅዎትም። ለጋሽ ለገሠ ደጅ ግን እኔ መዞሪያ መንገድ አልፈልግም።

ስለዚህ ዋስትናዎን ማንሣት ከፈለጉ ደብዳቤውን ነገውኑ ይላኩ፤ አልቀየምዎትም። አርብ ሦስት ሰዓት ጋሽ ለገሠና እኔ ኮሚቴውን በሩ ድረስ እንዲመጣ እንጠይቃለን። ሳጥኑን አጥፍቼ አስነሣዋለሁ፤ ጋሽ ለገሠ ጣታቸውን ያሳርፋሉ፤ ኮሚቴው መዝገቡንና የየራሱን የእጅ ሰዓት ያያል። ወረቀት ይታጠፋል። ይህንን ግን ኪሱ ሊከተው አይችልም።

እግዚአብሔር እግርዎን አጽንቶ፣ በራስዎ እርምጃ ለመሄድ ያብቃልኝ። በጸሎትዎ ያስቡኝ።

ዝም ማለቴን ማንም እሺታ አድርጎ እንዲቆጥርብኝ ከእንግዲህ አልቀበልም። ያልተደረገውን «ተደርጓል» በሚል ወረቀት ላይ ስሜን አላኖርም። «ልጄ» ተብዬ አፌ እንዲዘጋ አልቀበልም፤ ከጋሽ ኒቆዲሞስም፣ አባዬ፣ ከእርስዎም።

ልጅዎ
ባርኮት ዘውዴ