ለማይከፈት ጨዋታ አርባ አንድ ምስጋና

ውድ ፈትሂያ፣

ይህን ወረቀት ወንድምሽ ኢማድ ያደርስልሻል። ስልክሽ አይነሳም፤ በፌስቡክ የጻፍኩልሽንም እስካሁን አላየሽውም። እናትሽ እንደተሻላቸውና ከደሴ ወደ ደጎሎ ይዘሻቸው እንደተመለስሽ ከእሱ ሰምቻለሁ። አላህ ጨርሶ ያፍያቸው። ይህንን ቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ፤ መታመማቸውን የሰማሁት ግን ከሰው ሁሉ በኋላ ነው።

ግንቦት ሠላሳ የፌስቡክ ገጻችንን እዘጋዋለሁ ማለትሽንም ነግሮኛል። ዛሬ ግንቦት አሥራ ዘጠኝ ነው። አትዝጊው ልልሽ ነው የምጽፈው። የምታውቂውንም እደግመዋለሁ፤ አንድ በአንድ ካልሄድኩ ይጠፋብኛል። ደግሞም ደክሞኛል። ሳልደክም ብጽፍልሽ ኖሮ ክርክር ይሆን ነበር።

እንደምታውቂው ሠላሳ ዓመት የወፍጮ ሞተር ስጠግን ኖሬያለሁ። ኮምፒዩተር ማንም አላስተማረኝም። አንድ መሥሪያ ቤት ያወጣውን አሮጌ ገዝቼ ፈታሁት፣ መልሼ ገጠምኩት፣ ከዚያ መጽሐፍ እያገላበጥኩ ኮምፒዩተሩን ማዘዝ ለመድኩ። በወፍጮ ሥራ ሞተር አልነሳ ሲል አጠገቡ ቆሞ «በርታ» የሚለው ሰው የለም። ምን እንደጎደለው ለማወቅ ይፈታል። አንቺ ከዛሬ አራት ዓመት በፊት ያን ገጽ ስትከፍቺ፣ ከኮምቦልቻም ከጎንደርም ከአዋሳም ኮምፒዩተር ላይ ጨዋታ ለመሥራት የሚሞክረው ሁሉ ሥራውን እየለጠፈ ሲያሳይ፣ እኔ የያዝኩት ይህንኑ የወፍጮ ቤት ጠባይ ነበር። የሰው ሥራ አወርዳለሁ፣ እስከ መጨረሻው እጫወታለሁ፣ እንከኑን ቆጥሬ እጽፋለሁ። «ኦዲተሩ መጣ» ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። ደስ ይለኝ ነበር።

የራሴን «የአቀስታ መንገድ» ለመሥራት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። በክረምት ጭቃ እህል የጫነ አይሱዙ ከአቀስታ መካነ ሰላም ይገባል፤ ሌላ ነገር የለውም። መብራት ሁለት ጊዜ ሥራዬን በልቶብኝ ሁለት ጊዜ ከሥር ጀመርኩ። የካቲት ላይ ለጠፍኩት። ስልሳ ሦስት ሰው ጻፈልኝ። የኮምቦልቻው ሙእሚን «መጨረሻው አስለቀሰኝ ጋሼ» ብሎ ነበር። ያቺን ደጋግሜ አነበብኳት። የወፍጮ ጠጋኝ የሠራው ነገር ሰው አስለቀሰ ብዬ ሁለት ሳምንት አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ።

ከዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ጎረቤቴ አልታዬ ነገሩን አፈረሰችው። ጨዋታውን እሷ ኮምፒዩተር ላይ ጭኜላት ነበር። አንድ ቀን በደጇ ሳልፍ ጠራችኝ።

«ጋሽ ፈንታው፣ መኪናዎ ሦስተኛው ድልድይ ላይ ቆሟል።»

«ፍጥነት ጨምሪ።»

«ጨመርኩ።»

«እንግዲያው ቀንሺ።»

«ቀነስኩም ጨመርኩም። ደንበኛ አስቁሜ ከጠዋት ጀምሬ እየታገልኩ ነው። እንኳን አይሱዙ፣ ይሄ ድልድይ ፍየል አያሳልፍም።»

ተቀመጥኩና ራሴ ሞከርኩት። እውነቷን ነው። መጨረሻ አካባቢ የድልድዩን ከፍታ ትንሽ ለውጬው ነበር፤ ስፈትሽ ግን ሁልጊዜ የምጀምረው ከድልድዩ ወዲያ ካለው መንገድ ነበር፤ ወዲህ ያለው ያለቀ ነው ብዬ። ከሦስተኛው ድልድይ አልፎ መጨረሻውን ያየ አንድም ሰው ሊኖር አይችልም። ሙእሚን ያለቀሰው የት ደርሶ ነው?

አልታዬ ፊቴን አይታ፣ «ውይ፣ ባልነግርዎ ይሻል ነበር?» አለችኝ። ከስልሳ ሦስቱ ሰው ውስጥ አንዱ እንኳ «ድልድዩ አያሳልፍም» ለማለት አልበቃም። አልተጫወቱትም ማለት ነው።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ታውቂዋለሽ፤ ለምን እንዳደረግኩት ግን አታውቂም። በውስጡ ምንም የሌለበት፣ ማንም ቢነካው የማይከፈት ፋይል አዘጋጅቼ «ሁለተኛው ጨዋታዬ» ብዬ ለጠፍኩ። በሦስት ቀን አርባ አንድ ሰው አመሰገነኝ። አልከፈት አለኝ ያለ የለም። የመጀመሪያዋ አንቺ ነበርሽ፤ «ማሻአላህ ጋሼ፣ ይሄኛውማ ካለፈውም ይበልጣል። በርቱልን» ብለሽ። በአራተኛው ቀን የአርባ አንዱንም ስም ከነቃላቸው በተርታ ጻፍኩና ፋይሉ ባዶ መሆኑን ነገርኩ። ቀድሞ የጻፈው ቀድሞ ስለተጻፈ ያንቺ ስም ከላይ ዋለ።

ሙእሚን ተቆጣ። «ጋሼ፣ እርስዎን አከበርን እንጂ ምን በደልን? በዚህ ኔትወርክ አንድ ጨዋታ ለማውረድ ሁለት ቀን ይፈጃል። ዝም ከምንልዎ ብለን ነው!» አለኝ።

«አታክብሩኝ፤ ተጫወቱልኝ። ካልሆነም ዝም በሉ» አልኩት።

ዝም አሉ። አንቺ ብቻ «ጋሼ ልክ ነዎት። አፉ በሉኝ» ብለሽ ጻፍሽና ጠፋሽ። እኔ የረታሁ መሰለኝ። ለገጹ የነገርኩት ለእውነት ብዬ እንዳደረግኩት ነው። እሱ ራሱ እውነት አልነበረም፤ ተናድጄ ነው። ሁለት ዓመት የለፋሁበትን መንገድ ማንም ድልድዩ ድረስ እንኳ ስላልሄደልኝ ከፍቶኝ ነው። «ከፍቶኛል» ማለት አቃተኝና ወጥመድ አጠመድኩ። ለሌላ ሰው ነግሬው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ገጹ ምን እንደሆነ ላታዪው ትችያለሽ። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ ሁለት ሰው ወጣ። የቀረው አይጽፍም። አንዱ የሌላውን ሥዕል ወሰደብኝ ብሎ ሲከስ የሚሸመግል የለም። ጀምረው የተዉትን የሚያስታውሳቸው የለም። ድሮም ችግር ሞልቶናል፤ መብራቱ፣ ኔትወርኩ፣ ዓረብ አገር ሄዶ የሚቀረው፣ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ የሚረሳን። ያን ሁሉ ችለነዋል። የእኔን ዝርዝር ግን አልቻልነውም።

ባለፈው ሐሙስ ገበያ ውስጥ ምስር ሲያማርጥ የነበረ አንድ ሰው ቀና ብሎ አየኝ።

«ፈንታው የሚባሉት የወፍጮ ጠጋኝ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እህቴን ያስለቀሷት?»

«እህትህ ማናት?»

«ስንት ሰው ነው ያስለቀሱት፣ ማናት ብለው የሚጠይቁኝ?» አለኝ። ወንድምሽ ምላሱ አይቻልም። አጠገቡ ያለችው ምስር ሻጭ ሳቀችብኝ። ከዚያ ኢማድ ምስሩን ትቶ ወደ ጥላ ወሰደኝና የማላውቀውን ነገረኝ።

«እናታችን ደሴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ያን ቀን ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ሊያስገቧት ነው። ፈትሂያ እጇን ይዛ ቆይታ፣ ‹ጋሼ ፈንታው አዲስ ነገር ለጥፈዋል፣ ማንም ምንም አላላቸውም› ብላ የእናታችንን እጅ አስያዘችኝና ኮሪደር ወጣች። ወላሂ እኔ ተናድጄባት ነበር። ‹በዚህ ሰዓት?› ስላት፣ ‹አንድ ሰው የሠራው ነገር ሥር ምንም ሳይጻፍበት አንድ ቀን ካደረ ያ ሰው አይመለስም› አለችኝ። ለእርስዎ ነው እኮ የወጣችው።»

«አብሽር፣ አሁን ደህና ናት» አለኝ፤ ያዘነልኝ እሱ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ገጹን ወደ ኋላ ሄድኩበት። ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። በአራት ዓመት ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ሥራ ተለጥፏል። በሦስት መቶ ስድስቱ ሥር የመጀመሪያው ቃል ያንቺ ነው። ጥዋት አለ፣ ቀትር አለ፣ ሮመዳን አለ፣ የፈተናሽ ሰሞን አለ። እኔ ሁሉም ቦታ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ነኝ፤ የቆጠርኩትን ይዤ ከኋላሽ እመጣለሁ። እንከን ሲነገራቸው የማይሸሹት ከእኔ ጥንካሬ ተምረው ይመስለኝ ነበር። አንቺ በመልካም ቃልሽ ቀድመሽ አስቀምጠሻቸው ስለምትሄጂ ኖሯል።

መጨረሻ ላይ የራሴን የመጀመሪያ ሥራ አገኘሁት። አንዲት ኳስ ከግራ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ ሌላ ምንም አታደርግም። የስልሳ አራት ዓመት ሰው ነበርኩ፤ ልጆች ይስቁብኛል ብዬ ልሰርዛት ነበር። ከሥሯ «አሰላሙ አለይኩም ጋሼ፣ ደህና መጡ። ኳሷ ወዴት ልትሄድ ነው?» ብለሽ ጽፈሻል። በማግስቱ ግድግዳ ሠርቼላት የመጣሁት ላንቺ መልስ ለመስጠት ነው። ይህን ረስቼው ነበር።

እንግዲህ ስሚኝ። ያልተጫወቱትን ተጫወትን ማለት ልክ አይደለም፤ ይህን ቃሌን አልመልስም። ድልድዬ እንደተበላሸ ሊቀር የነበረው በዚያ ውሸት ነው። ዝርዝሩን ማውጣቴ ግን ጥፋት ነው። ያንቺን ስም ከላይ ማድረጌ ደግሞ ከጥፋትም የከፋ ነው። በአደባባይ ያደረግኩት ስለሆነ በአደባባይ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ገጹ ላይ ተለጥፏል። እስካሁን ሙእሚን ብቻ አይቶት «እሺ ጋሼ» ብሏል። ድልድዩን አስተካክዬ ላክሁለት። እያወረደው ነው፤ ሁለት ቀን ይፈጅበታል።

አሁን የቸኮልኩበትን ልንገርሽ። ግንቦት ሦስት ቀን ሀይማኖት የምትባል አዲስ ሰው መጣች። ወግዲ አስተማሪ ናት። የመጀመሪያ ሥራዋን ለጠፈች፤ ጨው የጫነ አህያ ውሃ ሳይሞላ ወንዝ ያሻግራሉ። ከሥሩ ማንም ምንም አልጻፈም። እኔ አውርጄ እስከ መጨረሻው ተጫወትኩት። አህያው ወደ ፊት ሲያዙት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጨው ውሃ ነክቶት አይቀልጥም፣ ሌላም አለ፤ አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ግን ውሃው ከፍ ሲል ልቤ መታ። ለመጻፍ ተቀምጬ መጀመሪያውን ቃል አጣሁት። አንድ ሳምንት አጣሁት። የመጀመሪያውን ቃል እኔ ጽፌ አላውቅማ።

ትናንት በግድ ጻፍኩ፤ «ሥራሽን አይቼዋለሁ። አሥራ አንድ ነገር አለ» ብዬ።

ወዲያው መለሰች። «ይቅርታ ጋሼ። ጀማሪ ነኝ። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

«አታጥፊው!»

«ተቆጡ እንዴ?»

«አልተቆጣሁም፤ አጻጻፌ ነው።»

«አይ፣ ገብቶኛል። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ማንም ምንም ስላላለኝ የማይረባ መሆኑን አውቄዋለሁ። ይቅርታ ስላስቸገርኩ።»

እጄ ከእኔ ቀደመ፣ ፈትሂያ። «ፈትሂያ ተጫውታዋለች፣ ወዳዋለች። እናቷን እያስታመመች ስለሆነ ነው የዘገየችው፤ ራሷ ትጽፍልሻለች» ብዬ ጻፍኩላት።

«የምርዎትን ነው? ፈትሂያ ራሷ?» አለች። «አዎ» አልኳት። «እንግዲያው እጠብቃታለሁ» አለች። አላጠፋችውም።

በስልሳ ስምንት ዓመቴ፣ አርባ አንድ ሰው በውሸት ካዋረድኩ በሦስተኛው ወር፣ የገጹን ትልቁን ውሸት እኔ ጻፍኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ አላመነታሁምም። ኮሪደሩ ላይ ቆመሽ ምን እያሰብሽ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ኢማድ ከዚህ ወረቀት ጋር አንድ ፍላሽ ይሰጥሻል። የሀይማኖት ጨዋታ እሱ ውስጥ ነው፤ ማውረድ አያስፈልግሽም። ተጫወችው። እስከ መጨረሻው ከሄድሽ የውሸቴ ግማሽ እውነት ይሆናል። ብትወጂው ሌላው ግማሽም። ባትወጂው ምን እንደምታደርጊ እኔ አላውቅም፤ ያን አንቺ ነሽ የምታውቂው። አሥራ አንዱን እንከን ወረቀት ላይ ጽፌ ይዣቸዋለሁ፤ አንቺ ሳትቀድሚ አንዱንም አላወጣም።

አክባሪሽ
ፈንታው አራጌ
መካነ ሰላም፣ ግንቦት ፲፱ ቀን ፳፻፱ ዓ.ም.