ለምክትልነት የታጨችው እህቴ

እታለም ሱ-ዩን፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እማማ እንዴት ናት፣ ሳሉ ለቀቃት? የሰሜኑ ነፋስ ጀልባውን አስቁሞ መድኃኒት አዘገየባችሁ ወይስ ዘንድሮ ራራላችሁ? እኔ ከታይፔ ዝናብና ከናፍቆታችሁ በቀር የከፋ ነገር አላገኘኝም።

አለቃዬ አቶ ሊያኦ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ምክትል አድርገው ሊያቀርቡሽ እንዳሰቡ በስልክ ስነግርሽ፣ "እስኪ ይጠይቁኛ!" ያልሽው በሳቅ ነበር። ያ ሳቅሽ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ስለዚህ የሆነውን ሳልሸፋፍን ልንገርሽ።

ከአንቺ ሌላ የታሰቡት አንድ ጡረተኛ ጄኔራልና አንድ የብስክሌት ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ። የምርጫ ዘመቻውን የምትመራው ወይዘሮ ፋን፣ "ጄኔራሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አገር ያንቀላፋል፤ ባለፋብሪካውን ደግሞ ሚስቱም አትመርጠውም። የደሴቷ ሐኪም እህትህ ግን ፎቶዋ ብቻውን ያስለቅሳል" አለች። ከዚያ እንደ ሙሽሮች የአንቺንና የአቶ ሊያኦን ልደት ለኮከብ ቆጣሪ ወሰዱት። ሽማግሌው እያንዳንዱ ዓመት በእንስሳ ስም የሚጠራበትን መዝገባቸውን አይተው፣ "እሳቸው ፍየል፣ እሷ ጥንቸል፤ ባንድ መስክ ይግጣሉ" ብለው መረቁ።

እኔ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነብኝ። አባባ "በነብር ዓመት የተወለደች ሴት ባል አታገኝም" ብሎ ፈርቶ፣ አዲሱ ዓመት እስኪገባ ሦስት ሳምንት ጠብቆ በጥንቸል እንዳስመዘገበሽ አውቃለሁ። (ያም ሆኖ ባሉን አላየነውም!) ዝም አልኩ። ስለናፈቅሽኝ ነው። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ብቻዬን በልቻለሁ። እማማን ይዘሽ መጥተሽ፣ ከሥራ ስትወጪ በሬን ደብድበሽ "የሚበላ አለ?" ስትዪኝ ይታየኝ ነበር። መመረጥሽን የፈለግኩት ለአገር ሳይሆን ለራሴ ነው።

ሰኞ ስብሰባ ላይ አንዱ፣ ደሴቷ ሌላ ሐኪም አላት ወይ ብሎ ጠየቀ። ወይዘሮ ፋን፣ "የላትም። ስምንት መቶ ሰው እኮ ነው፣ ምን ድምፅ አለው?" አለችና ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ግን የዓሣ አጥማጁ የኩን ሚስት ታወሰችኝ፤ ባለፈው ክረምት ጀልባም ሄሊኮፕተርም ቆሞ፣ ያለ አንቺ እጅ ማን ያዋልዳት ነበር? በራሴ አፈርኩ።

ከምሳ በኋላ አቶ ሊያኦና ወይዘሮ ፋን ዘንድ ገብቼ እውነተኛ ልደትሽን ተናገርኩ። አቶ ሊያኦ "እኔ በዚህ አላምንም" ብለው ፈገግ አሉ። ወይዘሮ ፋን ግን፣ "መራጩ ያምናል! ፍየልን ከነብር ጋር ልናሳድር ነው እንዴ? መሳቂያ ሊያደርጉን!" ብላ ስምሽን ሰረዘችው። ስለዚህ ስልክ አትጠብቂ፣ አይደውሉልሽም።

ሳላማክርሽ ነው ያደረግኩት። መምጣትም መቅረትም የአንቺ ውሳኔ ነበር፤ እኔ ቀማሁሽ። ትክክል ነኝ ብዬ አልምልም። ብትፈልጊ ስደቢኝ፣ ዝም ብቻ አትበዪኝ።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። አጎቴን፣ "ቦ-ካይ ሲጋራህን እንድትቀንስ ለምኖሃል" በዪልኝ። ክሊኒክ ለምታግዝሽ ለነርሷ ለሹ-ዬ ሰላምታዬ ይድረሳት።

ትመጣላችሁ ብዬ ባለፈው ሳምንት ሁለት ወንበር ገዝቼ ነበር። በአንዱ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ፤ ሌላውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ።

ወንድምሽ ቦ-ካይ
ታይፔ፣ ኖቬምበር 12 ቀን