የአሰብ ውሃ

ፒያሳ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለብርሃነ፣ ባለህበት፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔም ልጅህ ወይኒም ደህና ነን። ክረምቱ ከብዷል። የሱቁ ጣሪያ ከበርበሬው ጆንያ በላይ ማፍሰስ ስለጀመረ በላስቲክ አስሸፍኜዋለሁ። የጻፍኩልህ ግን ስለ ጣሪያ ሳይሆን ስለ ዓሦቹ ነው።

አሰብ ወደብ ሥራ በያዝክ በዓመቱ፣ ወይኒ አምስት ሲሞላት፣ ያንን የመስታወት ሣጥን አሠርተህ ዘጠኝ ዓሦች በላስቲክ ከረጢት ይዘህ መጣህ። "ባሕሩን አመጣሁልሽ" አልካት። እኔን ደግሞ "ውሃውን በየወሩ በሐዱሽ የጭነት መኪና እልካለሁ፤ አንቺ ጥቂት ጥቂት እየቀነስሽ ለውጪ" አልከኝ። እንዳልከኝ አደረግኩ። እስካለፈው መስቀል፣ ራስህ መጥተህ እስካየሃቸው ድረስ፣ አንድም አልሞተም።

ከኅዳር ወዲህ ግን መሞት ጀመሩ። የዋልኩበትን ሁሉ ደብተር ላይ እንደማሰፍር ታውቃለህ። "ኅዳር 14፤ ሰማያዊው ሞተ። ቁስል የለበትም።" "ታኅሣሥ 12፤ ሁለቱ ባለ መስመሮች በአንድ ቀን።" ብርድ ነው ብዬ ሣጥኑን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት፤ አምፖል አንጠለጠልኩበት። ሞቱ። ቀበሌው ለቁንጫ የሚያስረጨው መድኃኒት ነው ብዬ ረጪዎቹ ሲመጡ በሩን ዘጋሁባቸው፤ በስብሰባ ላይ ተወቀስኩበት። ዓሦቹ ግን ሞቱ። መብራት ሲጠፋ አየር የምትነፋላቸው ሞተር ስለምትቆም በብስክሌት መንፊያ ስነፋ የዋልኩበት ቀን አለ።

ጥሩነሽ ጎረቤታችን በዚያን ቀን ብቅ ብላ፣ "እቴ የሺ፣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ በሚቀርበት ዘመን አንቺ ለዓሣ ድንኳን ልትጥዪ ነው? ጠብሰሽ ብትበያቸው እንኳ አንድ ነገር ነው!" አለችኝ። ሳቅሁ። ወይኒ ግን አልሳቀችም። ጥሩነሽ ከወጣች በኋላ ቀሚሴን ይዛ፣ "እማዬ፣ ዓሦቹ ካለቁ አባዬ ውሃ መላክ ይተዋል?" አለችኝ።

የሚሞቱበትን ምክንያት ማግኘት ነበረብኝ።

ሰኔ ሲያልቅ ደብተሩን ከኅዳር ጀምሬ አነበብኩት። ብርዱም ምግባቸውም ከወር ወር ይለያያል። የማይለያየው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሐዱሽ ጀሪካን ባመጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይሞታሉ።

እኔ ጨው ሻጭ ነኝ፣ ብርሃነ። ይህን መርሳት አልነበረብህም። ለመስቀል ይዘኸው ከመጣኸው ውሃ አንድ ጀሪካን ሳይከፈት አልጋ ሥር ነበር። ከእሱ አንድ ድስት፣ አዲስ ከመጣው አንድ ድስት ቀድቼ ሁለቱንም እስኪደርቁ አፈላኋቸው። አሮጌው ውሃ ግራጫ ጨው ተወ፤ ምላስ ላይ ይመራል፣ አድሮም እርጥበት ስቦ ረጠበ። አዲሱ የተወው ግን ነጭ፣ ደረቅ፣ ለወጥ የሚሆን ጨው ነው። በሱቄ በኪሎ የምሸጠውን ጨው መቼም አላጣውም።

ሐዱሽ ሐምሌ 15 መጣ። አስቀምጬ ሻይ ሰጠሁት።

"ይህ ውሃ የቧንቧ ነው። ከየት ቀዳኸው?"

"እትዬ የሺ፣ እኔ ሹፌር ነኝ። የሰጡኝን ነው የምጭነው።"

"የት ነው የሚሰጡህ?"

ቆቡን አውልቆ ያዘ። "ጋሽ ብርሃነ አስምለውኛል።"

"እኔ አላስማልኩህም። የት?"

"ዶሮ ማነቂያ" አለ። "ወደቡን ከለቀቁ ዘጠኝ ወር ሊሆናቸው ነው። ከሌላ ሴት ጋር ነው የሚኖሩት። ጨዉን ራሳቸው ናቸው የሚበጠብጡት። ተዉ ብያቸው ነበር፤ 'ልጅቷ እንዳይከፋት ነው' አሉኝ።"

ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ዶሮ ማነቂያ ከሱቄ በር በእግር አሥር ደቂቃ ነው። እኔ "ፈቃድ ከለከሉኝ፤ ሙቀቱም ገደለኝ" ያልከውን አምኜ ሁለት ስስ ሸሚዝ አሰፍቼ ልኬልሃለሁ። በየደብዳቤዬም ብዙ ውሃ ጠጣ፣ ጥላ ሥር ዋል እልህ ነበር። ለካ የሚመታን አንድ ዝናብ ነው። ዓሦቹ ከእኔ ቀድመው አወቁህ።

ሚስቱን ትቶ የሄደ ወንድ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። እኔም ሱቄ አለኝ፤ አልወድቅም። ግን ልጅህ ጀሪካን በመጣ ቁጥር ሳይከፈት ጆሮዋን ትለጥፍበት ነበር። "ማዕበሉ ይሰማል" ትለኛለች። እኔም አዎ እላት ነበር። ሳላውቅ ከአንተ ጋር ያስዋሸኸኝ ይህን ነው።

አሁን አንድ ዓሣ ቀርቷል፤ ወይኒ "ሻምበል" ያለችው ቢጫው። ከአሮጌው ጀሪካን በተረፈው ውሃ ይኖራል። ሐዱሽ ደግሞ ከአሰብ እውነተኛውን ሊያመጣልኝ ምሏል፤ በዚህ ጊዜ ያስማልኩት እኔ ነኝ። ካንተ እንግዲህ ውሃ አልፈልግም። ከዚህ ይልቅ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በእግርህ ናና ለልጅህ በአፍህ ንገራት። እኔ አልነግራትም። ካልመጣህ ግን ደብተሬን አልደብቅባትም፤ ዘንድሮ ማንበብ ችላለች።

ያለህበትን ቤት እግዚአብሔር እውነት አይንሳው።

ከደብዳቤው ጋር ጋቢህን ልኬልሃለሁ። ለአሰብ አይሆንም ብዬ አጥቤ የልብስ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ዶሮ ማነቂያ በሐምሌ ይበርዳል።

የሺዓለም