የእማሆዮችን ቤት ያተረፉት ወይዘሮ ወርቅዬ ከበበው

ወይዘሮ ወርቅዬ ከግንበኛው አባታቸው ከአቶ ከበበው እንግዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመለወርቅ በፍቃዱ በ1945 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ተወለዱ። ሕፃን ሳሉ ቤተሰቡ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ መካኒሳ በመስፈሩ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩት እዚያው ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ለአባታቸው ጭቃ ያቦኩ፣ ድንጋይ ያቀብሉ ስለነበር ግንበኝነቱን በዚያው ለመዱ።

በ1964 ዓ.ም. ከአቶ ሮበሌ ነገሪ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ለቡ ወደሚገኘው የባለቤታቸው ቤተሰብ እርሻ ገቡ። በእርሻው መሐል ከጥንት የሴቶች ገዳም ብቻውን የተረፈ አንድ የድንጋይ ቤት አለ። የአካባቢው ሰው የእማሆዮች ቤት ይለዋል። ያን ጊዜ ላሞች ያድሩበት ነበር። አዲሷ ሙሽራ ብዙም ሳይቆዩ አማታቸውን አቶ ነገሪን፣ "አባባ፣ መነኮሳት በጸለዩበት ቤት ከብት ባያድር" አሏቸው።

"ታዲያ ልጄ፣ ላሞቹን የት ላሳድራቸው?"

"በረቱን እኔ እሠራለሁ።"

ሠሩም። በኋላም ቤቱ የገበሬ ማኅበር ጎተራ በሆነባቸው ዓመታት የተናደውን ግድግዳ መጠገናቸውን አላቋረጡም።

ባለቤታቸው በ1996 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ከተማው እርሻው ድረስ መጣ። በ2009 ዓ.ም. በእማሆዮች ቤት ላይ መንገድ እንዲያልፍ ተወሰነ። ወይዘሮ ወርቅዬ ከቢሮ ቢሮ ቢመላለሱም የሚሰማቸው አላገኙም። ዶዘሩ የመጣ ዕለት በርጩማቸውን በሩ ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሾፌሩ ወርዶ እንዲነሡ ሲለምናቸው፣ "ልጄ፣ አንተ የታዘዝከውን ነው የምትሠራው፤ አልቀየምህም። እኔ ግን አልነሣም" አሉት። ሾፌሩም ሞተሩን አጥፍቶ ከአጥሩ ሥር ተቀመጠ።

በመጨረሻ ኃላፊዎች መጥተው፣ መንገዱ ፈቀቅ የሚለው መኖሪያ ቤታቸው ከፈረሰ ብቻ እንደሆነ ነገሯቸው። ልጆቻቸው አጥብቀው ተቃወሙ። እሳቸው ግን "እኔ ተከራይቼም እኖራለሁ። ያ ቤት ከፈረሰ ማን መልሶ ይሠራዋል?" ብለው ልጆቻቸውን ወልደው ያሳደጉበትን ቤት በፈቃዳቸው አስረከቡ። በፈረሰ ዕለት ብዙ አለቀሱ። ከዚያ መካኒሳ አቦ በኪራይ ቤት እየኖሩ፣ በታክሲ እየተመላለሱ የእማሆዮችን ቤት ግድግዳ ዙሪያውን አደሱ።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም ጠናባቸው። ሐኪም እረፍት ቢያዝላቸውም ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያው እንዲከደን ከአልጋቸው ሆነው ያዝዙ ነበር። ሰኔ ላይ ሥራው ሲያልቅ ልጃቸው ፍሮምሳ አዝሎ አስገባቸው። ቀና ብለው ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ በጣታቸው እያመለከቱ፣ "ይሄ ጥግ ያፈሳል" አሉት። ያም ወዲያው ተስተካከለ።

ወይዘሮ ወርቅዬ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ለሊሳ፣ ሴናና ፍሮምሳ የተባሉ ልጆችንና የልጅ ልጆችን ትተዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋግ እናቶች ጎን ያሳርፍ፤ ለልጆቻቸውና ለጎረቤቶቻቸው የእሳቸውን ጽናት ያድል።