አንዴ ብቻ የቀረበ ሳህን

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፤ ፍኖተ ሰላም

እናቴ መርሳት ከጀመሩ ወዲህ የሚኖሩበት የአረጋውያን መጦሪያ የሰው ቤት ይመስላቸዋል። ምግብ ሲቀርብላቸው እንደ እንግዳ አፍረው «ጠግቤያለሁ» ይላሉ፤ «በሞቴ» ተብለው ሲለመኑ ግን ይበላሉ። ይህን ለተንከባካቢያቸው ለዘርፌ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ። እሷ ግን «አልበላም ካሉ ምን ላድርግ?» ብላ ሳህኑን ታነሳለች። እናቴ አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል።

ዛሬ ዘርፌ ለሚካኤል ዝክሬ ከጎረቤት ጋር ቤቴ መጣች። ዶሮ ወጥ አቀረብኩላት። «ኧረ ጠግቤያለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከእንቁላሉ ሳትነቅል። እኔም ሳህኑን አነሳሁ።

«ምነው፣ አንዴ እንኳ በሞቴ አይባልም?» አለችኝ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«አልበላም ካልሽ ምን ላድርግ?» አልኳት።

ፊቷ ሲለዋወጥ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያንኑ ሳህን ለእናቴ ወሰድኩላቸው። ሦስት ጊዜ «በሞቴ» ብያቸው ጥርግ አድርገው በሉ።

ነገ ምሳ የምታቀርብላቸው ግን ዘርፌ ናት።