በጋሼ እጅ ጽሑፍ

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ጠዋት ክፍል ነበረኝ። የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ። ግማሾቹ ያንቀላፋሉ... አልፈርድባቸውም፤ እኔም በራሴ ድምፅ እንቅልፌ ይመጣል።

ሻይ ላይ ሳለን ደብዳቤው ደረሰ። ገምጋሚዎቹ የካቲት 4 እና 5 ይመጣሉ። የመምህራን ማሠልጠኛ ፕሮግራማችን ዕውቅናው ይታደስ ወይም ይዘጋ የሚሉት እነሱ ናቸው። ከተዘጋ የዘንድሮዎቹ ሠላሳ ሁለት ዕጩ መምህራን ዲፕሎማ የትም አይሠራም። ሦስት ዓመታቸውን ውሃ በላው ማለት ነው።

ዲኑ ፊቱ አመድ መሰለ። ከኔ በስድስት ዓመት ያንሳል፤ ያን ሰዓት ግን ታላቄ መሰለኝ። "የማስረጃ ክፍል ይዘጋጅ" አለ። የተግባር ልምምድ አስተባባሪ እኔ ነኝ። ማስረጃው ያለው እኔ ጋ ነው። ወይም የሌለው።

ጥር 8

ቆጠርኩ። አንድ ዕጩ ትምህርት ቤት ወጥቶ ሲያስተምር ከኛ ከአሠልጣኞቹ አንዱ ሦስት ጊዜ ሄዶ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት፣ ያየውንም የምልከታ ቅጽ ላይ መጻፍ አለበት። ዘጠና ስድስት ቅጽ መኖር ነበረበት። ያለው አሥራ ዘጠኝ።

አሥራ ዘጠኙም የጋሼ፣ የአንጋፋው ባልደረባችን ናቸው። ሌሎቻችንስ? መኪናው ተበላሸ፣ ነዳጅ አልተፈቀደም፣ በሚቀጥለው ሳምንት... እኔ ራሴ አንድም ቀን አልሄድኩም። አስተባባሪ ተብዬ።

ጋሼ በእግራቸው ነው የሄዱት። ጉልበታቸው እምቢ እስኪል። እምቢ ሲላቸው ቆሙ፤ ከሳቸው ድርሻም አሥራ አራት ይጎድላል።

ጥር 13

ስብሰባ። ዲኑ "ጉድለቱ ይሟላ" አለ።

"እንዴት?" አልኩ።

"እንዴት የሚለውን አንቺ ታውቂያለሽ፣ እህቴ።"

እህቴ የሚለኝ ሲቸግረው ብቻ ነው። ውሸት የሚለውን ቃል ማንም አላነሳም። "ማሟላት" ነው የሚባለው። ጸሐፊዋ ባዶ ቅጽ እያባዛች ነው።

ጥር 15

ሁሉም ይጽፋል። ጸሐፊዋ ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ እስክሪብቶ አደለች፤ አንድ ዓይነት ቀለም እንዳይሆን። የሒሳብ መምህሩ ቅጾቹን አጥፎ ወንበሩ ላይ አድርጎ ተቀምጦባቸው ይውላል። "ያርጁልኝ ብዬ ነው" ይላል። "ቂጥህ ይህን ያህል ጠቅሞን አያውቅም" አለችው ጸሐፊዋ። ሳቅን። እኔም ሳቅኩ፣ እንባዬ እስኪመጣ። ቤት ስገባ ባለቤቴ "ምነው ደከመሽ?" አለኝ። ሥራ በዛ አልኩት። ውሸት አይደለም።

ጥር 20

ጋሼ ጋ ሄድኩ። እኔን ለመምህርነት ያሠለጠኑኝ እሳቸው ናቸው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የክፍሌ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩኝ።

"ጋሼ፣ የቀሩት አሥራ አራት ቅጾች..."

"አልሄድኩማ፣ ልጄ።"

"ሁሉም እየሞላ ነው እኮ።"

"ይሙሉ። እኔ ያላየሁትን ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ልጆቹ ይበተናሉ፣ ጋሼ።"

ጉልበታቸውን አሹ። ከዚያ "አሥራ ዘጠኝ አለን፣ ሌላው የለንም በሏቸው። የለም ማለት ነውር ነው እንዴ?" አሉኝ።

ለዲኑ ነገርኩት። "እሳቸው ጡረታቸው ደርሷል፤ ምን ቸገራቸው" አለ። ቀጥሎ "ጽሑፋቸውን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም" አለ። ይህን ብሎ ስልኩን ማየት ጀመረ።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ቢሮ ብቻዬን ነበርኩ። አሥራ አራቱንም ጻፍኳቸው። በጋሼ እጅ ጽሑፍ፣ በጋሼ ስም።

የራሴን የልምምድ ፋይል ከቤት ይዤ መጥቼ ነበር። ፊደላቸው ወደ ግራ ያጋደለ ነው። ምን ልበል ብዬም አልተቸገርኩም። ያኔ ለኔ ያሉኝን ለነሱ አልኩላቸው። "ጀርባሽን ለልጆቹ ሰጥተሽ ከሰሌዳው ጋር ታወሪያለሽ" ብለው ጽፈውልኝ ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት። ግን ከዚያ ወዲህ ጀርባዬን ሰጥቼ አላውቅም። ይህችኑ ለዝምተኛዋ ሰጠኋት። ዝምተኛዋ የምንላት ዕጩ ከሁሉም ርቆ ያለው ትምህርት ቤት የደረሳት ናት።

ፊርማው በሦስተኛው ሙከራ ተሳካ። የሚያሳፍረው ምንድን ነው... ሲሳካ ደስ አለኝ።

የካቲት 4

መጡ። ሦስት ናቸው። ሰብሳቢዋ ደቃቃ ሴትዮ፣ ያስላቸዋል፣ ዓይናቸው ግን አያርፍም። ቦክስ ፋይሎቹን ሲያገላብጡ ውለው የጋሼ ቅጾች ላይ ቆዩ። "እንዲህ ያለ ምልከታ ብዙ ቦታ አላየንም" አሉ። ዲኑ ጠቀሰኝ። በየትኞቹ ነው የተደነቁት? በእውነተኞቹ ወይስ በኔዎቹ? መጠየቅ አማረኝ። እብድ ነኝ።

የካቲት 5



ጠዋት ዕጩዎቹን በየተራ አነጋገሩ። ዝምተኛዋ ሃያ ደቂቃ ቆየች። ከሰዓት በኋላ ጋሼንና እኔን ጠሩን። ጠረጴዛው ላይ አንድ ቅጽ ብቻ።

"ይቺ ልጅ የተመደበችበት ትምህርት ቤት ጣሪያውን ነፋስ ከወሰደው ዓመት አልፎታል" አሉ ሰብሳቢዋ። "ሜዳ ላይ፣ በሸራ ጥላ ሥር ነው የሚማሩት። ሰሌዳ የሚባል ነገር የላቸውም። እዚህ ደግሞ ከሰሌዳው ጋር ታወራለች ተብሏል። ልጅቷ ማንም መጥቶ አላየኝም ትላለች። ይህ ጽሑፍ የእርስዎ ነው?"

የትምህርት ቤቱ ጣሪያ መነሣቱን እኔ አስተባባሪዋ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን እንኳ ብሄድ አውቅ ነበር።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ደገሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቃላቸውን አወቁት፤ ለማን እንደጻፉትም አወቁ። አፌን ከፈትኩ... እውነቴን ነው፣ ከፍቼ ነበር።

"የኔ ነው" አሉ ጋሼ። "ሳልሄድ ነው የሞላሁት።"

የካቲት 6

አልተናገርኩም።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው በሩን ከፈቱልኝ፤ ምንም አልሰሙም፣ አገላብጠው ሳሙኝ። ጋሼ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

"ለምን፣ ጋሼ?"

"ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም?" አሉ። "ታዲያ የማን ሥራ ነው ልበላቸው?"

ሰኞ ሄጄ እናገራለሁ አልኳቸው።

"ያሻሽን አድርጊ። ተናገሪ ብዬ አልለምንሽም፣ ተዪው ብዬም አልከለክልሽም።"

ሬዲዮውን ከፍ አደረጉት።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ቅጾቹን የሞላሁት እኔ ነኝ የሚል ደብዳቤ ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

የካቲት 21

አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

መጋቢት 9

ውጤቱ መጣ። ዕውቅናው ለሁለት ዓመት ታደሰ፣ ከማስጠንቀቂያ ጋር። በአንድ መምህር ላይ የዲሲፕሊን እርምጃ ይወሰድ ይላል። በአንድ። የሒሳብ መምህሩ በተቀመጠባቸው ቅጾች ላይ ማንም ምንም አላለም። ዲኑ ለሁላችንም ለስላሳ አስመጣ። ጠጣሁ።

መጋቢት 16

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጠራኝ። የጋሼን እጅ ጽሑፍ የማውቅ ስለሆንኩ። ቅጹን አስጠጉልኝ። "የሳቸው ነው?"

ደብዳቤው ጉልበቴ ላይ ባለው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ዚፑን ይዤ ነበር።

"ነው" አልኩ።

ፈረምኩ። ይባረራሉ። የሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎት፣ የምስጋና ወረቀት እንኳ የለም። ለሠላሳ ሁለቱ ልጆች ስል ነው... እንደዚያ ነው? አይደለም። ለራሴ ነው። እዚህም ልዋሽ?

መጋቢት 24

የጋሼን ኮርስ ለኔ ሰጡኝ። ቢሮአቸውንም። ሰፊ ነው፣ ፀሐይ ይገባዋል።

ከሰዓት በኋላ ዝምተኛዋ መጣች። አልቀመጥ ብላ በር ላይ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

"መምህርት፣ ጋሼን ያስባረርኳቸው እኔ ነኝ" አለች። "ጉልበቴ ሲሻለኝ መጥቼ አይሻለሁ ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሲጠይቁኝ... ማንም አላየኝም አልኩ። እውነቱን እኮ ነው። መናገር አልነበረብኝም?"

ከሷ ሌላ እውነት የተናገረ ሰው በዚህ ግቢ የለም። ላቅፋት ፈልጌ ነበር። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ እኔ ነኝ ልላት ፈልጌ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ዲኑ ከሰው ጋር ያወራል፤ ድምፁ ይሰማኛል።

"ሌላ ጊዜ ሲጠይቁሽ ቀድመሽ መምህሮችሽን አማክሪ" አልኳት።

አንገቷን ደፍታ አሰበችበት። ከዚያ አመሰገነችኝና ሄደች።